የመስከረሙ ወይስ የግንቦቱ?

ሰኔና ሰኞ ከገጠመ ዓመቱ አይቀናም ይባላል። እኔ የማውቀው ሰኔና ሰኞ ግን ስብሰባ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ ማንም ያልነካው «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚባል የወጪ መደብ ግንቦት ማብቂያ ላይ ትዝ ይላል፤ ካልተበላ ተመላሽ ይሆናላ! ተመላሽ ከሚሆን ደግሞ ሕዝብ ቢወያይበት ይሻላል። ገበሬው በዚያው ሳምንት በሬ ጠምዶ፣ ዝናቡን ተሻምቶ፣ በቆሎና ዳጉሳውን ለማስገባት ይጣደፋል። እንዲህ ሆኖ በአገራችን ስለ መሬት አጠቃቀም የሚመከረው መሬት በጣም በምትፈለግበት ጊዜ ነው። ሰውየው መሬቱን ሊጠቀም ሲወጣ መንገድ ላይ ይያዝና «ና፣ ስለ መሬት አጠቃቀም እንወያይ» ይባላል።

እጄ ንጹሕ ነው አልልም። ከዓመታት በፊት ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ አበሉን በልቻለሁ። ቦታው በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከደልጊ በእግር የሚደረስበት አንድ ቀበሌ ነበር። የቀበሌውንም የጠሪዬንም ስም አላነሳም። ይህን የመሰለ ስብሰባ ያልተቀመጠ ቀበሌ ከተገኘ የእሱ ስም ቢነሳ ይሻላል።

ደልጊን ለማያውቅ፦ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስታ ቁንዝላን ነክታ ወደ ጎርጎራ የምታቀናው ጀልባ ሰውና እህል የምታወርድባት፣ ሰውና እህል የምትጭንባት ወደብ። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ከውሃ ውስጥ ትወጣለች። ይህን አቅጣጫ ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

ስብሰባው ቦታ ከሰው ቀድሞ የደረሰው የስም መመዝገቢያው ቅጽ ነበር። ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ፊርማ። ከዚያ የሚቀጥለው ሁሉ ቢቀር እንኳ ይህ ቅጽ ከተሞላ ስብሰባው ተካሂዷል ማለት ነው። በሪፖርት ላይ «ይህን ያህል አርሶ አደሮችን አሳትፈናል» ተብሎ የሚጻፈው ከዚህ ነው። ቃሉን ልብ በሉልኝ፦ አሳተፈ። አማርኛችን «አ»ን ከግሥ ፊት ሲያቆም ሥራውን የሚያሠራ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። በላ፣ አበላ። ጠጣ፣ አጠጣ። ገበሬው ተሳተፈ፣ ቢሮው አሳተፈው። አንዲት እናት ከስብሰባ ስትመለስ ጎረቤቷ «የት ውለሽ ነው?» ብትላት «ሲያሳትፉን ውለው» አለቻት አሉ። ክትባት የተወጋች ነው የምትመስለው።

የመሬት አጠቃቀም እቅዱን ይዞ የመጣው ባለሙያ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ክፋት የለበትም። ሥራዬን እንዲያቀልልኝ ብሎ ከሌላ ቀበሌ የተያዘ ቃለ ጉባኤ በናሙናነት ሰጠኝ። አነበብኩት። «ተሳታፊዎቹ የቀረበውን እቅድ በጥልቀት ከተወያዩበት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተቀብለውታል» ይላል። የቀበሌው ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ብቻ ነጠብጣብ አለ። ሕዝቡ ገና ከበሩ ሳይደርስ መቀበሉን አወቅሁ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉማ ሞልቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጉዳይ ሲሆን ይህንኑ ደግሞታል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ በፌዴራል ደረጃ በ1997 ቁጥር 456 ሆኖ ወጣ፣ በ2016 ደግሞ በቁጥር 1324 ተተካ። አማራ ክልልም የራሱን በ1998 አውጥቶ በ2009 አሻሽሎታል። በሌላው ዓለም ደግሞ ሼሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የሕዝብን ተሳትፎ በመሰላል መስላ ስምንት እርከን ሠራችለት። ከታች ሕዝቡ የሚታለልበት፣ ከላይ ራሱ የሚወስንበት። እኛ መሰላሉን አጋድመን አግዳሚ ወንበር አድርገነዋል። ሁሉም እኩል ይቀመጥበታል።

ወደ ስብሰባውና ወደ እቅዱ ካርታ ልምጣ። ካርታው በተሰበሰብንበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ትልቅ ነው፣ ያምራል። እርሻው ቢጫ፣ ደኑ አረንጓዴ፣ ሐይቁ ሰማያዊ። ባለሙያው በእንጨት እየጠቆመ «የአካባቢያችን ነባራዊ ሁኔታ ይህን ይመስላል» ሲል ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያ ወደ ውጭ አየ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ካርታው። በካርታው ላይ ሰሜን ወደ ላይ ስለሆነ ሐይቁ በስተቀኝ ተስሏል። ተሰብሳቢው ግን ወደ ደቡብ ዞሮ ነው የተቀመጠው፤ እውነተኛው ሐይቅ በግራው ነው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ዝም ማለት አልቻለችም።

«ወንድሜ፣ ሐይቁን ወዴት ወሰዳችሁት?»

ሳቅ ሆነ። ባለሙያው ስለ ሰሜን አቅጣጫ ማስረዳት ጀመረ። ግን ዕድሜውን ሙሉ ጣናን በግራው እያየ በር ላይ ለሚቀመጥ ሰው፣ ሰሜን ወደ ላይ ነው ማለት ሰማይ ላይ ነው ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ቤቱን ፈልጎ አገኘው። አረንጓዴ ውስጥ ነው። ጓሮው ላይ የተከለው ባሕር ዛፍ ከሳተላይት ሲታይ ደን መስሎ ነበር። «እኔ ደን ነኝ ማለት ነው?» አለ፤ መልስ ሲያጣ «እንግዲህ መቆረጤ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ይህን ጊዜ ነው አንድ ልጅ፣ ያውም ስሙ በቅጹ ላይ ያልሰፈረ እረኛ፣ በመስኮት አንገቱን አስግጎ «መሬት ላይ አንጥፉት!» ያለው።

አነጠፉት። ውጭ፣ የዋርካው ሥር። አዙረው የካርታውን ሐይቅ ወደ ሐይቁ አደረጉት። ሕዝቡ ከአግዳሚው ተነስቶ ከበበው፣ ሴቶቹም ከኋላ ወደ ፊት መጡ፣ ማንም «ከሴቶች አንድ ዕድል እንስጥ» ሳይላቸው። የአንዱ ጣት መንገዱ ላይ፣ የሌላው ምንጩ ላይ ዋለ። «ይቺ ዋልካ ናት፣ እዚህ ላይ ቤት አይሠራም፣ በሐምሌ ትሰነጥቀዋለች» አለ አንዱ። «እሱማ ጭንጫ ነው፣ እርሻ ብላችሁ ቢጫ የቀባችሁት፤ እዚያ ላይ በሬ ሰብሬያለሁ» አለ ሌላው። ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድ በካርታው ላይ እንደሌለ ታወቀ። ክርክሩ ጦፈ። እኔ መጻፍ አቃተኝ፤ ናሙናዬ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከአንድ የለንደን ተቋም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ በወሎ የገበሬ ማኅበራት ውስጥ እንዲህ መሬት ላይ እየሣለና እያሣለ ያቀደበት ሥራ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ «አሳታፊ» ተብሎ ለሚሰበከው ዘዴ ከቀዳሚዎቹ ምሳሌዎች አንዱ ነው። የእኛ ሰው በድንጋይና በቅጠል የሠራው ዘዴ ውጭ አገር ሄዶ፣ ስም አውጥቶ፣ በፍሊፕ ቻርት ተጠቅልሎ ተመለሰ። ለሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ በአየር ፎቶ ላይ ድንበር ሲሠመርም ያየሁት ይህንኑ ነው፦ ጎረቤት ከጎረቤት ማሳ ለማሳ እየዞረ፣ በአንድ ስንዝር እየተጣላ፣ እየታረቀ ይውላል። ማንም አያንቀላፋም። ሰው ስለ መሬት መነጋገር አይወድም የሚል ካለ፣ የአማራ ገበሬ ድንበሩን ሲያሳይ አላየም።

የተሻለው ጥያቄ የመጣው ግን ከአንድ ሽማግሌ ነው። እቅዱ ከሐይቁ ጠርዝ ጀምሮ የተወሰነ ርቀት ድረስ ሳይታረስ፣ ደንገልና ሣር ይብቀልበት ይላል። ጥሩ ነገር ነው፤ ዳርቻው ተራቁቶ ሐይቁ በደለል እየተሞላ፣ እንቦጭ ከ2004 ወዲህ በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ እየተነጠፈ፣ ማንም አይቃወመውም። ሽማግሌው በጭቃ የተለወሰ ጣታቸውን ሰማያዊውና ቢጫው የሚገናኙበት መስመር ላይ አድርገው ጠየቁ፦

«ልጄ፣ ጠርዙ የቱ ነው? የመስከረሙ ወይስ የግንቦቱ?»

ባለሙያው ዝም አለ። እኔም ቀና አልኩ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘርጋ እንጂ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ጎድጓዳ ድስት ሳይሆን ምጣድ ነው። በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል ይወርዳል። ገደል ባለበት ዳርቻ ይህ ምንም አይደለም፤ ሜዳ በሆነበት ግን ውሃው በመስከረም ከደጅ ይደርስና በግንቦት ዓይን እስኪደክም ድረስ ይሸሻል። ሲሸሽ የሚተወው መሬት «ባሕር ሸሽ» ይባላል። ሽንብራና ጓያ በእርጥበቱ ብቻ ይበቅልበታል። ባሕር ሸሽ በአንዱ መንፈቅ ሐይቅ ነው፣ በሌላው እርሻ። በካርታው ላይ ምን ቀለም ይቀባ?

ይባስ ብሎ ሐይቁ ራሱ በር አለው። በ1988 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራጨራ ግድብ ተሠራ። በ1995 የሐይቁ ውሃ እጅግ ወርዶ ጀልባ መሄድ እስኪያቅተው ደርሶ ነበር፤ ያኔ የወጣው ባሕር ሸሽ ተዓምር ነው፣ ሰው እየተሻማ አረሰው፣ ደንገሉም አብሮ ተመነጠረ። በ2002 ደግሞ ከምዕራቡ ዳርቻ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ እየተላከ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ጣቢያ ተመረቀ። እንግዲህ የጠርዙን ነገር ከዝናቡ ሌላ፣ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋውም ሰው ያውቀዋል። ያ ሰው ደግሞ ስብሰባው ላይ አልተጠራም።

ሽማግሌው መልስ አልጠበቁም። በጭቃው ጣታቸው ካርታው ላይ አሰመሩ። «የመስከረሙ ይህ ነው።» ራቅ አድርገው ሌላ አሰመሩ። «የግንቦቱ ይህ ነው። በመሃል ያለው ነው የእኛ ጣጣ።» ሁለት ቡናማ መስመሮች፣ በጠራው ወረቀት ላይ። ከመጣንበት ሰዓት ጀምሮ የተሠራ ሥራ ቢኖር ያ ነው።

«በቃ፣ ጊዜ ሄዷል» ተባለ። ምሳ ቀርቧል። ካርታው ተነሳ፣ ጭቃው ደርቆ እንዳይሰነጥቀው በጥንቃቄ ተጠቀለለ። ባለሙያው አዘነ፤ ካርታው ተመላሽ ንብረት ነው።

ማታ ደልጊ ወደብ አጠገብ ጠላ ቤት ተቀመጥን፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣም አለ። ያ አግዳሚው ላይ አፉን የዘጋ ሕዝብ እዚህ አፉ ተከፍቷል። የወል ግጦሹ ለማን እንደሚከራይ፣ የጉድጓዱ ውሃ ለምን እንደከረፋ፣ መንገዱ በየት ቢያልፍ እንደሚሻል፣ ሁሉም ተቋጨ። የማልክድ ነገር ቢኖር ከቀኑ ስብሰባ ይሻላል፤ ከአበሉ በስተቀር።

«ለምን አግዳሚው ላይ አልተናገራችሁም?» አልኩ።

«የተናገረ ኮሚቴ ይሆናል» አለኝ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። እውነቱን ነው። የቀበሌ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ደመወዝ የለውም፤ ያለው ጠብ ነው። ወንድም ከወንድም በድንበር ሲካሰስ መሃል የሚገባው፣ ሲፈርድ የሚጠላው እሱ ነው። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው «ይህ ጎበዝ ነው» ተብሎ እጅ ይወጣለታል። ስለዚህ የስብሰባ ጥበብ ዝም ማለትና ማጨብጨብ ነው።

ማጨብጨብስ! ያን ቀን «የወል ግጦሽ አይታረስ» ሲባል በኃይል ካጨበጨቡት መካከል አንዱ አጠገቤ ነበር። የእሱ ማሳ ከመስኩ ጋር ትዋሰናለች። በየዓመቱ አንዲት ፈር፣ አንዲት ብቻ፣ ወደ መስኩ ይጨምራል። በዓይን አይታይም፤ በሬውም አይታዘበውም። ጎረቤቱም ከወዲያ አንዲት ፈር ይጨምራል። በሃያ ዓመት ውስጥ መስኩ በዚህም በዚያም እየተላጠ የከብት መሮጫ ሆኗል። ማንም አልወሰደውም፤ ሁሉም ግን ያዝናል። «የድሮ መስክ» እያሉ ሲተክዙ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

ከሳቁ ሥር ሌላ ነገርም አለ፤ ይህን መቀለጃ አላደርገውም። እዚህ አገር ገመድ ወይም ካርታ ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አልተመለሰም። በየካቲት 1967 የመጣው አዋጅ ጌታን ከመሬት አወረደ፤ በ1989 ደግሞ በአማራ ክልል ሽግሽግ ሲደረግ በደርጉ ዘመን ሹመት የነበረው «ቢሮክራት» ተብሎ ከአንድ ሄክታር ያልበለጠ ተተወለት። ያንን ያየ ገበሬ «ስንት ጥማድ አለህ?» ሲባል ያሳንሳል፣ «ስንት ልጅ አለህ?» ሲባል ያበዛል። በመሃል የሚሰበሰበው መረጃ ካርታው ላይ ቢጫ ይቀባል። ሕዝብ ሳይጠየቅ የሚደረግ እቅድ ምን እንደሚያመጣም አይተናል፤ የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከ2006 ጀምሮ ተቃውሞ አስነስቶ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ ነው በጥር 2008 የተሰረዘው።

ደግሞስ ስብሰባ ብቻ ነው ወይ መንገዱ? ከደልጊ ማዶ፣ በደቡብ በኩል፣ ዘጌ አለች። በገዳሙ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሏት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነች፤ ሕዝቡም በእነዚህ ይኑር እንጂ በበሬ አያርስም ተባለ። ይኸው ዘጌ እስከ ዛሬ ደን ናት፤ ቡናው ከዛፍ ሥር ይለቀማል፣ ሞፈር አይታይም። ቅጽ አልተሞላም፣ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም፣ አንድም ሰው አልተሳተፈም ማለት ግን አይቻልም። ቃሉን የሚያስጠብቀው ጎረቤት ነው። ግዝት ይፈራል፣ ይልቁንም ደግሞ ሁሉም የሚኖርበትን ነገር ያውቃል።

ባሕር ዳርን ደግሞ ተመልከቱ። በ1950ዎቹ በጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የተመራ ቡድን መሪ ፕላኗን ነደፈ። ሰፊ ጎዳና፣ መሃሉ ዘንባባ፣ መንገዱ ወደ ሐይቁ የተከፈተ። ዛሬ ሁላችንም ፎቶ የምንነሳበት ውበት የመጣው ማንም ተጠይቆ አይደለም። «እንግዲያስ ሕዝብ መጠየቅ ምን ያደርጋል?» የሚል ወዳጅ አለኝ፤ ከዘንባባው ሥር ተቀምጦ ነው የሚለው። እኔ የምመልስለት አንድ ነው፦ ስለዚያ ዘንባባ ደንገል እያጨደ ታንኳ የሚሠራውን የነገደ ወይጦ ሰው ጠይቀው። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር እሱ ከዳርቻው እየተነሳ ነው የኖረው፤ ከዘንባባው ጥላ በስተቀር ያገኘው ነገር የለም።

ወደ ቃለ ጉባኤዬ ልመለስ። እንደ ናሙናው ጻፍኩት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ ሰኔ 30 እየመጣ። የዋርካው ሥር ክርክር፣ ዋልካው፣ ጭንጫው፣ የከብት መንገዱ በአንድ መስመር ገባ፦ «ተሳታፊዎች ገንቢ አስተያየቶችን ሰጥተዋል።» የሽማግሌው ጥያቄ ብቻዋን ተራ ቁጥር 7 ሆነች፤ ልዝለላት ብዬ አልሆነልኝም። «የሐይቁን ወቅታዊ ከፍታ በተመለከተ ከአንድ ተሳታፊ ጥያቄ ተነስቶ ማብራሪያ ተሰጥቶበታል።» ማብራሪያውን የሰጡት ራሳቸው መሆናቸውን አልጻፍኩም።

በዓመቱ፣ እንደገና ሰኔ ላይ፣ የማጽደቂያ ስብሰባ ተጠራና ሄድኩ። ሰውም መጣ፤ ሽማግሌውም በትራቸውን ይዘው መጡ። ካርታው አዲስ ታትሞ፣ በፕላስቲክ ተለብጦ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሐይቁ በስተቀኝ ነው። ሰማያዊውና ቢጫው በአንድ ቀጭን፣ ንጹሕ መስመር ተለያይተዋል። ባሕር ዛፍ የተከለው ሰውዬ ቤት አሁንም አረንጓዴ ነው።

ሽማግሌው ተጠግተው ካርታውን በጣታቸው ዳሰሱት። ፕላስቲኩ አንሸራተታቸው።

«ጭቃዬ የታለ?» አሉ።

«የትኛው ጭቃ፣ አባቴ?» አለ ባለሙያው፤ ይህ ሌላ ልጅ ነው፣ የቀድሞው ተዛውሯል።

ሽማግሌው ሰውን ሁሉ በዓይናቸው አሰሱና እኔ ላይ አረፉ። «ይኸው፣ ያ ጸሐፊ። አንተ ጽፈኸው የለም?»

ጽፌዋለሁ። ተራ ቁጥር 7።